የእናቴ አምባር



እናቴ ሳጥን ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ አንድ አምባር አለ። ከአያቴ የወረሰችው ነው። በልጅነቴ ለዓመት በዓል ሲወጣ ጉንጬ ላይ አስጠጋው ነበር፤ ቅዝቃዜው ደስ ይለኛል። በቅርቡ ደግሞ መስኮት ዳር ወስጄ ጠርዙን አተኩሬ አየሁት። ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች እርስ በርስ እየተሻገሩ፣ ልክ እንደ ስፌት፣ ውስጡን ሞልተውታል። አጥንት ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም፤ ፕላስቲክ ላይማ ከየት ይመጣል። የዝሆን ጥርስ ነው።

ጥርስ። ቋንቋችን አልሸሸገውም። ዝሆኑ ሥር የሚቆፍርበት፣ የዛፍ ቅርፊት የሚልጥበት፣ ከላይኛው መንጋጋው የበቀለ ጥርሱ ነው። ሲሶው ያህል ራስ ቅሉ ውስጥ ተቀብሯል። ጥርሱን የፈለገ ሰው ደግሞ ያንን የተቀበረውን አይተውም። ዝሆኑን ይጥለውና ፊቱን በመጥረቢያ ይፈልጠዋል። እናቴ እጅ ላይ ያማረው ነገር የመጣው ከዚያ ነው።

በድሮ ዘመን ዝሆን የገደለ ሰው ጭራውን ለምስክር ይዞ ይገባ ነበር። እልል ይባልለታል፤ አናቱን ቅቤ ይቀባል፤ ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጥላል። በፉከራውም ከአንበሳው ጎን ዝሆኑን ይቆጥራል። እነዚያን ሰዎች ዛሬ ላይ ሆኜ መውቀስ አልፈልግም። ነገር ግን ጦሩ በአውቶማቲክ መሣሪያ ተተካ፤ ጥርሱም ባሕር ማዶ ለጌጥና ለማኅተም የሚፈልገው ገበያ አገኘ። በ1971 ዓ.ም. አካባቢ በአፍሪካ 1.3 ሚሊዮን ዝሆን እንዳለ ይገመት ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ከግማሽ በታች ሆነ።

ሐምሌ 1981 ዓ.ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ናይሮቢ ላይ 12 ቶን ጥርስ በእሳት ለኮሱ። ከሦስት ወር በኋላ ዓለም አቀፉን የዝሆን ጥርስ ንግድ የሚከለክል ውሳኔ ተላለፈ። እኛም መጋቢት 2007 ዓ.ም. ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ከ6 ቶን በላይ አቃጥለናል። «ለምን ተሽጦ ትምህርት ቤት አይሠራበትም?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ማቃጠሉን እደግፋለሁ። ጥርስ ተቀርጾ አምባር ከሆነ በኋላ በሕግ የተሸጠውን ትናንት ሌሊት ከተገደለው ማን ይለየዋል?

ከሐረር ወረድ ሲሉ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ አለ። በ1962 ዓ.ም. ለእነሱ ተብሎ የተከለለ ነው። የባቢሌ ዝሆን በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች እየተመላለሰ በለስ ቁልቋሉን ከነእሾሁ ይበላል። ሠፈራው፣ እርሻው፣ ከሰል አክሳዩ መሬቱን ከየአቅጣጫው ይገፋዋል። በዚህ ላይ ጥይቱ አለ።

በጥይቱና በዝሆኑ መካከል የሚቆመው የዱር እንስሳት ጠባቂው፣ ስካውቱ ነው። ዱካ ሲያገኝ ቁጢጥ ብሎ እበቱን በእጁ ይዳስሳል፤ ሙቀት ካለው መንጋው ቅርብ ነው። የሚያሳድደው ሰው የያዘው መሣሪያ ከራሱ መሣሪያ ሊበልጥ እንደሚችል እያወቀ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ላይ ሕይወታቸውን ያጡ ጠባቂዎች በብዙ የአፍሪካ አገሮች አሉ።

እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። «ዳ»ን አጥብቄ አዳኝ ስል፣ ተኩሶ የሚጥለው ነው። አላልቼ አዳኝ ስል፣ ከሞት የሚያተርፈው። በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በጆሮ ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው ስንት ዘመን ተፎከረለት። ሁለተኛው ከቅኝቱ ሲመለስ ቅቤ የሚቀባው የለም፤ ይዞት የሚገባው ጭራም የለም። ጫማውን እያወለቀ «እንዴት ናቸው?» ለሚለው ሰው የሚመልሰው አንድ ነገር ነው።

«ሁሉም አሉ።»