ሞተሩ ከመሐል የተቀመጠ መኪናና ድሪፍት የመማር ችግር



ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ሊመስል ይችላል። ድሪፍት ማለት የመኪናን የኋላ ጎማዎች ሆን ብሎ እያንሸራተቱ፣ መኪናውን ግን ከቁጥጥር ሳያወጡ መታጠፍ ነው። በጃፓን የተራራ መንገዶች ሲስፋፋ በብዛት ያገለገሉት እንደ ቶዮታ ኤኢ86 ያሉ፣ ሞተራቸው ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማቸው የሚነዳ መኪኖች ነበሩ። እኔ የማነሣው ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ አክስሉ ፊት የተቀመጠውን ዓይነት ነው። በዚህኛው መማር ለምን ይከብዳል?

ገበያ መሐል ረጅም አጣና በትከሻው የተሸከመን ሰው አስቡ። ለመዞር ይቸገራል፤ መዞር ከጀመረም ለመቆም ይቸገራል። ያንኑ አጣና ቆራርጦ በአንድ እስር ቢይዘው በቅጽበት ይዞራል። መዞርን የሚቃወመው ኢነርሺያ በርቀት ካሬ ስለሚያድግ፣ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ከመኪናው የክብደት ማእከል 1.2 ሜትር ሲርቅ የሚጨምረው ኢነርሺያ 0.4 ሜትር ሲርቅ ከሚጨምረው ዘጠኝ እጥፍ ነው (የሞተሩን የራሱን ስፋት ለጊዜው እንተወው)። ሞተሩ ከመሐል የሆነ መኪና እንግዲህ ፈጥኖ ይዞራል፣ ቢታረምም ፈጥኖ ይታረማል። የሚዘገየው የሰው እጅ ነው።

ከመዘግየቱም የከፋ ደመ ነፍስ አለ። ተማሪው ኋላው ሲንሸራተት እንደ ተሰማው ነዳጅ መስጫውን ይለቃል። ያን ጊዜ ጭነት ከኋላ ጎማዎች ወደ ፊቶቹ ይሸጋገራል፤ ኋላው መያዣ ባጣበት ሰዓት ይባስ ይቀልለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ኤምአር2 በዚህ ጠባዩ ክፉ ስም ወጥቶለት ነበር፤ ፋብሪካውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰስፔንሽኑንና ጎማዎቹን አሻሽሏል። ጥፋቱን ሁሉ በመኪናው ላይ መጫን ግን ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ እግራቸውን በድንጋጤ ያነሡትም ድርሻ አላቸው።

ሁለተኛው አደጋ መኪናው ዳነ ሲባል ይመጣል። ሹፌሩ መሪውን ወደ መንሸራተቻው አቅጣጫ አዙሮ ሳለ የኋላ ጎማዎች በድንገት መንገዱን ቢይዙ፣ መኪናው ወደ ተቃራኒው ወገን ይወረወራል። ብዙ መኪኖች ከመንገድ የሚወጡት በዚህ በሁለተኛው ውርወራ ነው።

ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀመረው በተከለለና ውኃ በተረጨ ሜዳ ላይ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ራዲየሱ 20 ሜትር በሆነ ክብ ላይ፣ የሰበቃ መጠኑ 0.9 በሆነ ደረቅ አስፋልት ጎማ የሚለቀው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መጠኑ 0.4 በሆነ እርጥብና ልሙጥ ወለል ግን 32 ላይ። ክስተቱ ያው ነው፤ መኪናው የያዘው የእንቅስቃሴ ኃይል ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ስሕተትም በአንድ ዙር መሽከርከር ብቻ ያልፋል።

በዚያ ክብ ላይ ተማሪው በመጀመሪያ የሚለማመደው ነዳጁን በእኩል መጠን መያዝን ነው። ቀጥሎ መሪው በራሱ ሲመለስ በመዳፉ ውስጥ እንዲንሸራተት መፍቀድን ይለምዳል፤ የፊት ጎማዎች አሰላለፍ መሪውን ወደ መንሸራተቻው አቅጣጫ ይስበዋልና፣ ጨምድዶ የያዘ እጅ ይህን እርዳታ ያግደዋል። ዐይኑም መኪናው ሊሄድበት ወደሚፈልገው ስፍራ እንጂ ወደ አፍንጫው አያይም። ከክቡ ወደ ስምንት ቁጥር የሚሸጋገረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጭነቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያልፍባት ያች ቅጽበት ያነሣናቸውን ሁለቱንም አደጋዎች በአንድነት ትይዛለችና።