በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ስንት አሲድ አለ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በየጠረጴዛው የቀረበውን የሎሚ ለስላሳ ሁላችንም ጠጥተናል። እኔ የምናገረው በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ስላለው የአሲድ መጠን ነው። ምላስ ይኮመጥጣል ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ አይነግረንም፤ ስኳሩም ያታልለዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከለስላሳው 25 ሚሊ ሊትር በፒፔት ለክተን ፍላስክ ውስጥ እንጨምርና ፊኖልፍታሊን ከሚባለው አመልካች ሁለት ሦስት ጠብታ እናክልበታለን። ይህ አመልካች በአሲድ ውስጥ ቀለም የለውም፤ አሲዱ አልቆ ቤዝ ሲተርፍ ግን ሮዝ ይሆናል። ከዚያም 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቡሬት ጠብ ጠብ እያደረግን፥ ፍላስኩን እያወዛወዝን፥ ፈዛዛው ሮዝ ታይቶ ሳይጠፋ ሲቀር እናቆማለን። ይህ ቲትሬሽን ይባላል።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ መጀመሪያ ያገኘነው 17.2 ሚሊ ሊትር ነበር። ደስ ብሎን ቁጥሩን በጥቁር ሰሌዳ ጻፍነው፤ እኔም ማታ ቤት ገብቼ ታናሽ እኅቴን በዚሁ አስፈራራኋት። መምህራችን ግን «ድገሙት» ብቻ አሉን። በማግስቱ ከዚያው ጠርሙስ ስንለካ 13.8 ሆነ፤ ጥቂት ቆይተን ስንደግመው 10.9። አንደኛው ጓደኛችን መካከለኛውን እንውሰድ አለ፤ እኔም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ለመስማማት ቀርቤ ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ሁልጊዜ የሚወርደው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ጋዙ ነበር። በለስላሳው ውስጥ በግፊት የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውኃው ጋር ካርቦኒክ አሲድ ስለሚሆን፥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ይሻማል። ጠርሙሱ ተከፍቶ በቆየ መጠን ጋዙ ይወጣል፥ ቁጥሩም ይቀንሳል። ስለዚህ ለስላሳውን አስቀድመን ለካን፥ አፈላን፥ አቀዘቀዝን። (ከፈላ በኋላ ቢለካ ውኃው ስለሚተንን ልኩ ይዛባል።) አሁን 6.1፥ 6.0፥ 6.1 ሆነ።

ከዚህ ቤዝ አንዱ ሚሊ ሊትር 6.4 ሚሊ ግራም ሲትሪክ አሲድ ያጠፋል። አሲዱን ሁሉ ሲትሪክ ብንለው፥ በ25 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ወደ 39 ሚሊ ግራም፥ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ወደ 0.47 ግራም ነበር ማለት ነው።

ወላጆቻችን ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት ብትሉ፥ ንጹሕ የሎሚ ጭማቂ በሊትር ወደ 50 ግራም አሲድ አለበት፤ ይህ ለስላሳ ግን 2 ግራም አይሞላም። ሆኖም የሎሚ ጭማቂ በጠርሙስ ሙሉ የሚጠጣ የለም፤ ለስላሳውን ግን ስኳሩ ያስጠጣዋል። የጥርስ ሽፋን ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ አብዛኞቹ ለስላሳዎች ደግሞ ከ4 በታች ናቸው። ለእኅቴ ቁጥሩን መሳሳቴን ስነግራት «ታዲያ ልጠጣ?» አለችኝ። አፍሽ ውስጥ አታቆይው አልኋት።

ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ኮላ ግን አስቸግሮናል። ቡናማው ቀለም ሮዙን ይሸፍነዋል፤ በተጣራ ውኃ ብናቀጥነውም ሦስታችን በአንድ ጠብታ ላይ አልተስማማንም። ዕቃው በወዲያኛው ጠረጴዛ ተሰናድቷል፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ ቀርባችሁ ሮዙ የቱ ላይ እንደሚጀምር ፍረዱን።