መሣሪያው ከመምህሩ ጎን ይቁም
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በቅዳሜ ትምህርት ቤት ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ውድ ወላጆች፣



ለቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ታብሌት ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦልናል። ሐሳቡን አንቃወምም። ሆኖም «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንዲሉ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አገራችን ያየችውን ማስታወስ ይበጃል።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ተጀመረ፤ ተማሪው «ፕላዝማ» ያለው ማለት ነው። ዓላማው የገጠሩ ተማሪ ከከተማው እኩል እንዲማር ስለ ነበር መልካም ነው። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው የቴሌቪዥኑ መምህር ነበር። እሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እጁን ያወጣውን ተማሪ አያይም፤ ያልገባው ቢኖርም አይመለስም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አመለጠ። ልጆቹን በስም የሚያውቀው መምህር ግን ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ።

በፔሩም ለተማሪዎች ላፕቶፕ በብዛት ታድሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤታቸው ላይ የታየ ለውጥ አላገኘም።

እኛም ከዚህ ስሕተት አላመለጥንም። ከሦስት ዓመት በፊት በልገሳ ያገኘናቸውን ስድስት ኮምፒዩተሮች ልጆቹ ጨዋታ ተጫወቱባቸው፤ እኛም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍንባቸው። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን ምን እንደምናስተምርባቸው ሳናስብ የተቀበልነው የእኛ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን አንዲት መምህርታችን ልጆቹ በወላጆቻቸው ስልክ የአያቶቻቸውን ጨዋታ ቀድተው የሰሙትን በፊደል እንዲጽፉ አደረጉ። አንዱ ልጅ አያቱ «እሰይ የኔ ጌታ» ያሉትን ለመጻፍ ደጋግሞ አዳመጠ። ከአያቱ ጋር በአማርኛ መነጋገር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ለዚህ የተለየ መሣሪያ አላስፈለገም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከተሰበሰበው ገንዘብ ቅድሚያው ለመምህራን ሥልጠና ይሁን። ሁለተኛ፣ የሚገዛው ጥቂት ሆኖ ልጆቹ ለሦስት ለሦስት ይጠቀሙበት። ሦስተኛ፣ ጥገናውን የሚከታተል አንድ አባል ይመረጥ።

ልጆቻችን አያቶቻቸውን ያለ አስተርጓሚ እንዲያነጋግሩ ከፈለግን፣ መጀመሪያ የሚታጠቀው መምህሩ ነው።