ኮምፖስትና የፋብሪካ ማዳበሪያ፦ ለዓመታት የተለካው ምን ይላል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በሶፊ፣ በኤረርና በድሬ ጥያራ አርሶ አደሩ ደጋግሞ የሚጠይቀን «ማዳበሪያ ልግዛ ወይስ ኮምፖስቱ ይበቃኛል?» እያለ ነው። አንዱ ኮምፖስት አግብቶ ማሽላው አማረለት፣ ጎረቤቱ ዩሪያ ጨምሮ በለጠው ይባላል። የአንድ ዓመት ምርት ግን ምስክር አይሆንም። ዝናብ ከቀረ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ ኮምፖስትም ጉልበቱን የሚያሳየው እያደር ነው።

በአገራችን ጉዳዩ በሰፊው የተለካው በትግራይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር በመተባበር፣ በዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና በወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ መሪነት ሥራውን በጥቂት ቀበሌዎች ጀመረ። ከ2000 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ምርቱ በአርሶ አደሩ በራሱ ማሳ ላይ ተለካ። ለእኛ የሚቀርበው የማሽላው ውጤት ነው። ምንም ካልገባበት መሬት በሄክታር 13 ኩንታል ያህል ሲገኝ፣ ኮምፖስት የገባበትም ማዳበሪያ የገባበትም 25 ኩንታል ገደማ ሰጡ። በበቆሎ ኮምፖስቱ 37፣ ማዳበሪያው 29 ኩንታል ሆነ።

ይህን ይዞ «ማዳበሪያ ይቅር» ማለት ግን መቸኮል ነው። በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ፣ ተመራማሪዎች ከ1978 ጀምሮ ሁለቱን አስተራረሶች በቋሚ መደብ ጎን ለጎን ያወዳድራሉ። የ21 ዓመቱ ውጤት በ2002 ሲታተም ያለ ኬሚካል የታረሰው ምርቱ በ20 በመቶ ያንስ ነበር። በአንጻሩ የማዳበሪያና የኃይል ወጪው ከሲሶ እስከ ግማሽ ቀንሷል፤ አፈሩም በትላትልና በደቃቅ ነፍሳት በልጧል። እዚያ መሬቱም አልደከመም፣ ማዳበሪያውም በልክ ይገባል። የደከመና ዝናብ የሚያጥረው መሬት ሲሆን ግን ኮምፖስት እርጥበት ይዞ ስለሚያቆይ ብልጫው ይጎላል። የእኛ ቆላ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ችግሩ ኮምፖስቱ ከምን ይሠራል የሚለው ነው። አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይሄዳል፣ ኩበቱም ይነዳል። አንድ ሄክታር ደግሞ ብዙ ቶን ይፈልጋል። በሌላ በኩል በጁገል ውስጥና በውጭው ከተማ፣ በፈረስ መጋላም በሸዋ በርም፣ በየምሽቱ ገራባ ይከመራል። ፍየሎቹ ቢቀድሙንም የሚተርፈው ብዙ ነው። ከተማው ለመጣል ገንዘብ የሚያወጣበትን ቆሻሻ ዩኒየኑ በመኪና ወደ ማሳ ቢመልሰው ሁለቱም ይጠቀማሉ። ፌስታሉ ግን ይለቀም። ጫት ላይ መድኃኒት የምትረጩም አስቡበት፤ የተረጨው ነገር ከገራባው ጋር ወደ ማሽላችሁ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ለዩኒየኑ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ሩብ ሄክታር መሬት ይስጥ። መሬቱ በሦስት ይከፈል፤ አንዱ ኮምፖስት ብቻ፣ አንዱ ማዳበሪያ ብቻ፣ ሦስተኛው የሁለቱን ግማሽ በግማሽ ያግኝ። ዘሩ አንድ ዓይነት ይሁን፣ መደቦቹም ለአምስት ዓመት ቦታ አይቀያየሩ። ምርቱ አባላት ባሉበት ተመዝኖ ከወጪው ጋር በመዝገብ ይጻፍ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ቅርባችን ስለሆነ የአፈር ምርመራ እንዲያደርግልን እንጠይቀው። የልማት ጣቢያችን ክትትሉን ለመሥራት ዝግጁ ነው። የመሬቱንና የመኪናውን ነገር ጠቅላላ ጉባኤው እንዲወስንበት እጠይቃለሁ።