ለአረጋውያን እናቶች ዮጋ ሳስተምር ከስህተቴ የተማርኩት
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በየወሩ የቁጠባና የብድር ሂሳብ ሳነብላችሁ ነው። ዛሬ የራሴን ሂሳብ ላነብ ነው የቆምኩት። ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን 15 ሺህ ብር ተበድሬ፣ በትርፍ ጊዜዬ በየቤቱ እየሄድኩ ለአረጋውያን ዮጋ ማስተማር ጀመርኩ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ማወቅ መብታችሁ ነውና ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

12 ሺህ ብሩን ምንጣፍ ገዛሁበት፤ ስምንት ምንጣፍ። አንዱም አልሠራልኝም። ለ70 ዓመት እናት ወለል ላይ መቀመጡም ይከብዳል፤ መነሳቱ ግን ይብሳል። የሚያስፈልገኝ ዕቃ በየቤቱ ነበር፦ መደገፊያ ያለው፣ እግሩ የማይነቃነቅ ወንበር።

ሁለተኛው ስህተቴ ከገንዘብ በላይ ነው። የመጀመሪያዋ ተማሪዬ የሰፈራችን እናት ናቸው። እኔ ከወጣቶች ጋር የሰለጠንኩትን ልምምድ እንዳለ ይዤ ሄጄ፣ «እማማ፣ ጎንበስ ብለው የእግርዎን ጣት ይንኩ» አልኳቸው። ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ጨለመባቸው፤ ግድግዳውን ባይይዙ ኖሮ ወድቀው ነበር። ካስቀመጥኳቸው በኋላ፣ «የግፊት ኪኒን እኮ እወስዳለሁ ልጄ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ዕድሜ መውደቅ ምን እንደሆነ፣ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ የቀሩ እናት ያሉበት ቤት ያውቀዋል። በሥራዬ የአንዱን ደንበኛ ሂሳብ በሌላው ደረሰኝ አልዘጋም። ይህን ጥንቃቄ ለሰው አካል ነፍጌው ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ከታወቁት የሕንድ የዮጋ መምህራን አንዱ የነበሩት ክሪሽናማቻርያ፣ ልምምዱ ለእያንዳንዱ ሰው ዕድሜና አቅም መስማማት አለበት ብለው ያስተምሩ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው 100 ዓመት ኖረዋል። ተማሪያቸው አየንጋር ደግሞ በወንበር፣ በቀበቶና በትራስ እየተደገፉ መሥራትን በሰፊው አስተማሩ። ወንበር መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም ማለት ነው።

አሁን አዲስ ቤት ስገባ የመጀመሪያው ቀን የጥያቄ ቀን ነው። ደብተሬን አውጥቼ፦ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ወድቀው ያውቃሉ? የትኛው ጉልበትዎ ያምዎታል? የዓይን ግፊት አለብዎ? ሐኪምዎ ምን አሉ? እያልኩ እጽፋለሁ። መልሱ ልምምዱን ይለውጠዋል። የዓይን ግፊት ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ላለባቸው ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያወርድ እንቅስቃሴ አላሠራም። አጥንታቸው ለሳሳ አጥብቆ መጎንበስና ወገብን በኃይል መጠምዘዝ ክልክል ነው። ትንፋሽ ማፈን ለማንም የለም።

በመጨረሻ፣ «ምን ማድረግ ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» እላለሁ። እኚያ እናት፣ «ቆሜ ማስቀደስ» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ይሄ ያንቺ ነገር ግን የሌላ እምነት ጸሎት አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ዮጋ ከሕንድ እምነቶች ጋር የተሳሰረ ታሪክ እንዳለው፣ እኔ የማሠራቸው ግን እንቅስቃሴና አተነፋፈስ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ስፖርት በይው» አሉ። ስፖርት አልነው።

ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ክንድን ከትንፋሽ ጋር ቀስ ብሎ ማንሳት፤ ሥራችን ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛን የሚጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይመክራል። እኔ የምደርስላቸው ሁለት ቀን ነው፤ ሦስተኛውን የልጅ ልጃቸው ታሠራቸዋለች። ዛሬ ቅዳሴውን እስከ ግማሽ ቆመው ያስቀድሳሉ። ግማሹን ይቀመጣሉ፤ እሱንም አልደብቅም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ከብድሩ 9 ሺህ ብር ከፍያለሁ፤ 6 ሺህ ይቀረኛል። ምንጣፎቹን ለሕፃናት ማቆያችን ሰጥቻለሁ። የሚከፍሉኝ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉላቸው እናቶች ናቸው። ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ግን ጧሪ የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ ከሦስት ከፋይ ቤቶች ጋር አንድ ነጻ ቤት ልይዝ ወስኛለሁ።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አባላት፣ በየሰፈራችሁ ከቤት መውጣት ያቆሙ እናት ካሉ ጠቁሙኝ። ደጋፊዎቻችን፣ ዕቃ አትግዙልን፤ ይልቁንም አብረውኝ ሊሠሩ የፈለጉትን ሁለት እህቶቻችንን በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አሰልጥኑልን። እነሱ እንደ እኔ በእናቶች አካል ላይ እየተሳሳቱ መማር የለባቸውም።