ባለቤቱን ሳይጠይቁ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በክርክር ክበባችን ስም የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነገር ነው። ከክበባችን አባሎች የአንዳችን አያት ዕድሜያቸው ሲገፋ ቀኑን ይረሱ፥ የልጅ ልጆቻቸውንም ስም ያምታቱ ጀመር። ዘመዶች ተሰብስበው የአያታችንን ቤት ለመሸጥ ሲመካከሩ እርሳቸው እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ነገር ግን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኛም ነገሩን በሰማን ጊዜ «የሚሻላቸውን ልጆቻቸው ያውቃሉ» ብለን ዝም አልን። በኋላ ሕጉን ብንመረምር ግን ዝምታችን ስሕተት ሆኖ አገኘነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በቀር የኑሮውን ሥራ ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ «እገሌ ችሎታ የለውም» የሚል ሰው የማስረዳቱ ሸክም በራሱ ላይ ነው። ሽምግልና ብቻውን፥ መርሳትም ብቻውን ሰውን ከገዛ ንብረቱ አያስወጣውም።

ይሁን እንጂ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት ለማስተዋል የማይችል ሰው መኖሩ አይካድም። እንዲህ ያለውን ሰው አታላይ መጥቶ ቢያስፈርመው ማን ይደርስለታል? ለዚህ ሲባል ሕጉ በቁጥር 351 ፍርድ ቤት ለሰውዬው ጤንነትና ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ሊከለክለው እንደሚችል ይናገራል። አቤቱታውን ራሱ ሰውዬው፥ ባል ወይም ሚስት፥ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለማቅረብ ይችላል። ፍርድ ቤቱም ሰውዬውን ሳያይ ወይም ሳያስመረምር በወሬ ብቻ አይፈርድም።

ክልከላው ከተፈረደ በኋላ አሳዳሪና ሞግዚት ይቆሙለታል፤ አሳዳሪው ስለ ሰውነቱና ስለ አኗኗሩ፥ ሞግዚቱ ስለ ንብረቱ ያስባሉ። ሞግዚት ግን ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። ደግሞም ፍርድ ቤቱ አንዳንድ ሥራዎችን ሰውዬው ራሱ እንዲፈጽም ሊፈቅድለት፥ ምክንያቱም ሲቀር ክልከላውን ሊያነሣለት ይችላል።

ከዚህ ወዲህ የዓለም አሳብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። የተባበሩት መንግሥታት በ1999 ዓ.ም. የተቀበለውን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው ጋር እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸውና በችሎታቸውም ለመሥራት ድጋፍ ሊያገኙ እንደሚገባ ያስገነዝባል። ይኸውም በእርሱ ፈንታ ከመወሰናችን በፊት እንዲወስን እንርዳው ማለት ነው።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የምንንቀው በክፋት ሳይሆን በችኮላ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው፥ ለራሳችንም የምንመክረው ይህ ነው፤ አእምሯቸው በሚረጋበት ሰዓት፥ በአጭርና በግልጽ ቃል፥ የሚያምኑት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እንጠይቃቸው። መልሱን እስኪያገኙትም እንታገሥ።

የአያታችንም ነገር የተፈጸመው እንዲሁ ነው። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ሲጠየቁ «በመንገድ በኩል ያለው ክፍል ይከራይና ለመድኃኒቴ ይሁን፤ ቤቱን ግን አትሽጡብኝ» አሉ። ቀኑ ማን እንደ ሆነ ያን ዕለትም አላወቁም ነበር፤ የሚፈልጉትን ግን ዐወቁ። ቤቱም አልተሸጠም።