ከግላስ በታች ስላለው ነገር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰጠ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናሰማ በታዘዝን ጊዜ፣ ብዙዎች የጠበቁት ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ተግባር እንድንናገር ነበር። ስለ እነዚህ ጉዳዮች ከእኛ በፊት የነበሩት ተመራቂዎች አጥግበው ተናግረዋል። እኛ ግን ተማክረን ስለ ፈረስ ኮርቻ፣ ይልቁንም ማንም ገልብጦ ስለማያየው ስለ ኮርቻው የታችኛው ፊት ለመናገር ቆርጠናል። ርእሱ ዝቅ ያለ መስሎ የታየው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

በእኛ በአዊ ምድር ፈረስ የጌጥ እንስሳ ብቻ አይደለም። በሌላው አገር በበሬ የሚታረሰውን መሬት እዚህ ብዙ ገበሬ በፈረስ ያርሳል። ሙሽራ በፈረስ ይመጣል፤ ለቅሶ በፈረስ ይደረሳል፤ መኪና በማይገባበት ቀበሌ የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በፈረስ ጀርባ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ሜዳው በፈረስ እንዴት እንደሚሞላ እናንተው የምታውቁት ነው። ማኅበሩ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከጌቶቻቸው ጋር የዋሉትን ፈረሶች ያስባል። ዳግማዊ ምኒልክ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው፣ በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን ነው። ስለዚያ ዘመቻ ሲወራ ጋሻውና ጎራዴው ይነሣል። ነገር ግን ያን ያህል ወር ኮርቻ የተሸከመ ጀርባ ሳይገጠብ እንዲደርስ፣ ማታ ማታ ድብዳብ የሚያደርቅና ጠፍር የሚያስተካክል ሰው መኖሩ ግድ ነው። የእርሱን ስም የሚያነሣ የለም።

ዛሬም ያው ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ በየቤቱ ለጥር በዓል መሰናዶ ይጀመራል። አዲስ ግላስ ይገዛል፤ ልጓሙ ይወለወላል፤ የግንባሩ ጌጥ ይታደሳል። ኮርቻው ግን ዓመት ሙሉ ከተሰቀለበት ግድግዳ ይወርድና አቧራው ከላይ ተራግፎ፣ ከታች ሳይታይ ይጫናል። ገንዘቡ ሁሉ የሚወጣው ሰው ለሚያየው ነው ማለት ነው።

ኮርቻ ምን እንደሆነ አስቀድመን እንግለጽ። የአገራችን ኮርቻ አጥንቱ እንጨት ነው። ሁለት ሳንቃዎች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይተኛሉ፤ የፊቱና የኋላው ቅስት ያያይዛቸዋል፤ በጥሬ ቆዳ ይጠፈርና በለፋ ቆዳ ይለበጣል። ከሥሩ ድብዳቡ አለ። የድብዳቡ ተግባር የሰውየውን ክብደት በሰፊው ማከፋፈል ነው። ፈረስ 18 ጥንድ የጎድን አጥንት አለው፤ ሰው ሊቀመጥበት የሚገባው ከትከሻው አጥንት በስተኋላ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ደግሞ በስተፊት ባለው ቦታ ላይ ነው። በዚያም ቢሆን ሸክሙን የሚሸከሙት ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጡንቻዎች ናቸው። አከርካሪውን ራሱን ምንም ነገር ሊነካው አይገባም።

እንግዲህ የፈረስ ጀርባ እንደ ድንጋይ አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት ሣር ሲበዛ ይደልባል፤ በግንቦት ሲከሳ ትከሻው ሾጥጦ ጎድጎዱ ይታያል። ወጣት ፈረስ ይሰፋል፤ ያረጀ ፈረስ ወገቡ ይሰረጉዳል። ኮርቻው ግን ያው ኮርቻ ነው፤ ብሎም ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ ይወርሳል። በጋቢ እንኳ የአባቱን ልክ ለልጁ የማይሰጥ ሰው፣ የሞተ ፈረስ ኮርቻ በሕያው ፈረስ ላይ ያለ ሐሳብ ይጭናል።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነን ከመካከላችን የአንዱ ቤት ዳማ ፈረስ ነው። ይህ ፈረስ ለብዙ ዓመት ሕፃን ሳይቀር የሚጋልበው ገራም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ መጣል፣ ሆዱን ሲያስሩት መናከስ፣ ቁልቁለት ላይ አልሄድ ብሎ መቆም ጀመረ። በመጨረሻም ከገበያ ሲመለሱ የጓደኛችንን አባት ከድንጋይ ላይ ጣላቸውና ክንዳቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ከባድ ልጓም አግቡለት አለ፤ ሌላው ጅራፍ አዘዘ፤ ጋኔን ገብቶበታል ያለም አልታጣም። አባትየውም ለከተማ ጋሪ ነጂ ሊሸጡት ተስማምተው ቀብድ ተቀበሉ። ፈረሱ ከሄደ ጥማዱ ይፈርሳል፤ ጥማዱ ከፈረሰ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ በግማሽ እህል ደግሞ ልጅ ከቤት ርቆ መማር አይችልም። ጓደኛችን ዛሬ ከእኛ ጋር ለመቆም የበቃው በአንድ ኮርቻ ሰፊ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እኒህ ሰው ከገበያው ዳር ቆዳ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ፈረሱን ይዘንላቸው ስንሄድ ገና በሩቁ አዩትና፣ «ልጆቼ፣ ፈረሱን ጥላ ሥር አቁሙት፤ ኮርቻውን አምጡልኝ» አሉን። ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው በመዳፋቸው ዳሰሱት። የድብዳቡ የጤፍ ጭድ በግራ በኩል ደቅቆ አቧራ ሆኗል፤ በቀኝ በኩል ተጓጉሎ እንደ ድንች ቆሟል። ጉድለቱን ለመሸፈን ከሥሩ የማዳበሪያ ጆንያ ተደርጎበታል። ይህ ጆንያ ላብ አይጠጣም፤ ሙቀት ያፍናል፤ በየእርምጃውም ቆዳውን ይፈገፍጋል። ከሁሉም የከፋው ግን የፊቱ ቅስት ለሌላ፣ ከዳማው ለቀጠነ ፈረስ የተሠራ መሆኑ ነበር። ከዳማው ትከሻ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሳንቲም የሚያህሉ ሁለት ነጫጭ ምልክቶች ነበሩት። ሰዉ ሁሉ ውበቱ ነው ብሎ ያደንቀው ነበር። ሽማግሌው ግን ጣታቸውን አሳርፈውበት፣ «ይህ የቅስቱ ንክሻ ነው» አሉ። በእርግጥም ቆዳ ለረጅም ጊዜ ሲጨፈለቅ ለጠጉር ቀለም የሚሰጠው ክፍል ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ጠጉር ነጭ ነው።

ጠጉር ሞልተው እንዲሰፉልን ስንጠይቃቸው እምቢ አሉን። ለጠበበ ኮርቻ ድብዳብ መጨመር፣ ለጠበበ ቀለበት ጣት ላይ ክር እንደ መጠምጠም ነው፤ ይብስ ያጠብበዋል። አስቀድሞ እንጨቱ መስተካከል አለበት። ስለዚህ ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ አራት እግሩን አስተካክለን አቆምነው፤ ለስላሳ ሽቦ ከትከሻው ጫፍ በስተኋላ፣ ከጀርባው መካከልና ከኮርቻው መጨረሻ ላይ እያጎበጥን ቅርጹን በካርቶን ላይ ነደፍን። በዚያ ልክ አዲስ ቅስት ጠርበው ሳንቃዎቹን እንደገና ጠፈሩ።

ቀጥሎ የመሙላቱ ሥራ መጣ። አሮጌው ጭድ እፍኝ ሳይቀር ወጣ፤ በተጓጎለ ላይ አዲስ መጨመር ጉብታውን ያጠነክረዋልና። የዋሸራ በጋችን ጠጉሩ አጭር ስለሆነ ለዚህ አይረባም፤ የመንዝ በግ ጠጉር ከነጋዴ ተገዛ። አጥበን በጥላ አድርቀን፣ ጉጥ እስከማይገኝበት ድረስ በጣታችን ስንፈለቅቅ ሁለት ቀን ዋልን። (የክፍላችን ሰነፎች ሁሉ በዚህ ሥራ ላይ ትጉሃን ሆነው መታየታቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም።) ሽማግሌው ጠጉሩን በትንሽ በትንሹ፣ በለሰለሰ እንጨት እየገፉ ሞሉት። ከመጠን በላይ ቢጠቀጠቅ ድብዳቡ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ይከብብና ጀርባውን በጥቂት ቦታ ብቻ ይነካል፤ አውራ ጣት ሲጫነው ጥቂት መስጠም አለበት። በሁለቱ ወገን መካከል ለአከርካሪው አራት ጣት የሚያህል ባዶ መንገድ ተተወ። በሰም በታሸ ክር ተሰፋ፤ የክሩ ቋጠሮ በፈረሱ በኩል እንዳይሆንም ተጠነቀቁ።

ዳማው ቁስሉ ደርቆ ጠጉር እስኪያበቅል ድረስ ኮርቻ አልነካውም። መጀመሪያ ሲጫን እንደ ልማዱ ጆሮውን ጣለ፤ መናከስም ቃጣው፤ ጥቂት ሳምንት እንዲህ ቆየ። አዲስ ጠጉር እየተኛ ስለሚሄድ ከሃያ ቀን በኋላ ተመልሰን ወስደን አሳየን፤ ከቀኝ በኩል ጥቂት ተጨመረበት። ቀብዱ ተመለሰ። አባትየው ብዙ አልተናገሩም፤ በማግስቱ የበቅሏቸውን ኮርቻ ተሸክመው ወደ ሽማግሌው ሄዱ።

ፈረስ አፍ የለውም ይባላል እንጂ ለሚያነበው ብዙ ይጽፋል። ከጉዞ መልስ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባው በላብ እኩል ረጥቦ ከተገኘ መልካም ነው። በላቡ መካከል ደረቅ ቦታ ከታየ ግን ወይ እዚያ ኮርቻው አጥብቆ ተጭኗል፣ ወይም ከነጭራሹ አልነካም፤ በእጅ ዳስሶ መለየት ይገባል። ጋላቢው በተቀመጠበት ከቅስቱ ሥር ሁለትና ሦስት ጣት መግባት አለበት። የተሰባበረ ጠጉር፣ ሲነኩት የሚሸሽ ጀርባ፣ ሆዱ ሲታሰር የሚናከስ ፈረስ፣ እነዚህ ሁሉ ከጅራፉ በፊት ኮርቻውን እንድንገለብጥ የሚያሳስቡን ናቸው። ርካሽ ስለሆነ ስፖንጅ የሚያስገቡም አሉ። ስፖንጅ ሲገዛ ያምራል፤ ዳሩ ግን በክብደት ቶሎ ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ይሳሳል።

ይህ የድሀ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በእንግሊዝ አገር በኮርቻ ሥራ ስሟ የታወቀ ዋልሶል የምትባል ከተማ አለች፤ የእግር ኳስ ቡድኗ እንኳ ቅጽል ስሙ «ኮርቻ ሠሪዎቹ» ነው። የዚያ አገር ኮርቻ ከእኛው በቅርጽ ቢለይም ከሥሩ በበግ ጠጉር የሚሞላ ነው፤ ባለሙያውም ጠጉሩን በየጊዜው ያስተካክላል፣ ሲያረጅም አውጥቶ በአዲስ ይተካዋል። እዚያ ይህን የሚሠራ ሰው የተከበረ ባለሙያ ነው። እኛ ዘንድ ግን «ፋቂ» የሚለው ቃል ለስድብ ሲውል ሰምተን አድገናል። ዘንድሮ ሽማግሌውን ሁለት ልጆቻቸው ሙያውን ይወርሱ እንደሆነ ጠይቀናቸው ነበር፤ አንዱም አልፈለገም። በገበያችን ዙሪያ ከእርሳቸው በቀር ቅስት የሚጠርብ ሰው አላገኘንም፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ለዚህ በዓል ከሚዋጣው ገንዘብ ላይ ለአንድ ሳምንት የእርሳቸው ደመወዝና ለጥቂት ኪሎ የበግ ጠጉር የሚሆን ይመደብ፤ ታኅሣሥ ሲገባ በትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክፍል ተቀምጠው ለሚፈልጉ ተማሪዎች ያስተምሩ። ከ11ኛ ክፍል ስድስት ልጆች ከወዲሁ ተመዝግበዋል፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ ስፌታቸውም ከእኛ ይበልጣል። እኛ በመጪው ዓመት ከዚህ ስለማንገኝ መርፌዎቹንና የካርቶን ልኮቹን ለእነርሱ አስረክበናል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሽማግሌው ከምግብ ቤቱ በስተጀርባ ባለው ግራር ሥር ይቀመጣሉ። በፈረስ የመጣችሁ አባቶች ኮርቻችሁን አውርዳችሁ ብታሳዩአቸው ዋጋ አይጠይቁም። ግላሱን እቤት ወይም እዚያው ላይ ትታችሁ ኮርቻውን ብቻ አምጡ፤ ድብዳቡንም አጥባችሁ እንዳታቀርቡት፣ ላቡ ያረፈበት ቦታ መታየት አለበትና።